ጠዋት ተከትቦ ማታ ያተኮሰው ልጅ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሩ

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ ልንዘጋ መዝጊያውን ግማሽ አውርደናል፣ ባጃጅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና አንዲት አያት ጥቅልል ያለ ነገር አቅፈው ወረዱ፣ የልጁ እናት ከኋላ እያለቀሰች። ልጁ አይታይም። ብርድ ልብስ፣ ከዛ በላይ ጋቢ፣ ጭንቅላቱ ላይ የሱፍ ኮፍያ፣ በቃ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። "ልጄ ድረስልኝ፣ ጠዋት ወጉት፣ ይኸው አሁን እሳት ሆነ" አሉኝ። ብብቱ ስር ቴርሞሜትር አስገብቼ ስይዝለት 38.9። መቼ ነው የተከተበው? ጠዋት 4 ሰዓት። ስንተኛው ነው? እናትየዋ ካርዱን አወጣች፣ የ10 ሳምንቱ ነው። ይጠባል? ይጠባል ግን ይነጫነጫል። እማማ እስኪ ጋቢውን እንፍታው ስላቸው ተቆጡ፣ "በዚህ በደሴ ብርድ?" አሉኝ። አብሽሩ ብዬ እየለመንኩ ጋቢው ወረደ፣ ብርድ ልብሱ ወረደ፣ ኮፍያው ወረደ፣ አንድ ስስ ልብስና ነጠላ ብቻ ቀረለት፣ እናቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አጠባችው። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ስንለካው 38.1። እስካሁን አንዲት ጠብታ መድሃኒት አልሰጠነውም።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው ምሰራው፣ ይሄ ነገር ሁሌ ይደጋገማል፣ በተለይ የክትባት ቀን ማታ። የሚመጣው ሰው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፣ "ለትኩሳት የሚሆን ሽሮፕ ስጠኝ"። እኔ ደግሞ ሽሮፑን ከማንሳቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፣ ምን ተከተበ እና መቼ። ብዙ ሰው ጥያቄው ጊዜ ማባከን ይመስለዋል ግን ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ምክንያቱም የክትባት ትኩሳት የራሱ ሰዓት አለው፣ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ይሄዳል፣ ከሰዓቱ ውጪ የመጣ ትኩሳት የክትባቱ አይደለም ማለት ነው፣ እና አደገኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ልጁ ለምን ያተኩሰዋል የሚለውን ልንገራችሁ፣ ይሄ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። መርፌው ታፋው ላይ ሲገባ እዛ አካባቢ ያሉት የሰውነት ዘበኞች እንግዳ ነገር ያገኛሉ፣ ወዲያው መልእክት ይልካሉ፣ መልእክቱ በደም በኩል ጭንቅላት ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቦታ ጋ ይደርሳል። እዛ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይመረትና የሙቀቱን ልክ ከፍ ያደርገዋል፣ ቦይለር ላይ ያለውን ቁልፍ ከ37 ወደ 38 ከግማሽ እንደማዞር በሉት። ቁልፉ አንዴ ከዞረ በኋላ ሰውነት "ገና አልሞቅኩም" ብሎ ነው ሚያስበው። ስለዚህ ሙቀቱን ላለማባከን ከእጅና ከእግር ደሙን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው እኛ ምንሳሳተው፣ የልጁ ግንባርና ሆድ እየጋለ እጁና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ እናት እጁን ትይዝና "በረዶ ሆኗል፣ ብርድ ገብቶት ነው" ብላ ትደርብበታለች፣ ሲደረብበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ የበለጠ ይግላል። የእማማ ጋቢ የመጣው ከዚህ ነው፣ ከፍቅር ነው እንጂ ካለማወቅ ብቻ አይደለም። ፓራሲታሞል የሚሰራውም ያንን ፕሮስታግላንዲን ቀንሶ ቁልፉን ወደ ቦታው በመመለስ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም፣ በሽታም አይፈውስም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የኛ ሀገር ፕሮግራም ዋና ዋናዎቹ እንደምታውቁት ሲወለድ ቢሲጂ (የሳምባ ነቀርሳው) እና የፖሊዮ ጠብታ ነው፣ ከዛ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ላይ ፔንታ፣ ፒሲቪ (የሳምባ ምቹ) እና ፖሊዮ አለ፣ ሮታ (የተቅማጡ) ደግሞ 6 እና 10 ሳምንት ላይ በአፍ ይሰጣል፣ 14 ሳምንት ላይ የፖሊዮ መርፌም ይጨመራል፣ ከዛ 9 ወር ላይ ኩፍኝ፣ 15 ወር ላይ ሁለተኛው ኩፍኝ። ትኩሳት በማምጣት ታዋቂው ፔንታ ነው። ፔንታ የተባለው አምስት ነገር ስለሚከላከል ነው፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ ቢ እና ሂብ የሚባለው ማጅራት ገትርና ሳምባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ። ከአምስቱ ውስጥ ትኩሳቱን በዋናነት የሚያመጣው የትክትኩ ክፍል ነው፣ ምክንያቱም የተገደለው የትክትክ ባክቴሪያ ሙሉ አካሉ ነው እዛ ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ደግሞ ሙሉውን ሲያይ ጠንከር አድርጎ ይነሳበታል። እስከ ግማሽ የሚሆኑ ልጆች ሊያተኩሳቸው ይችላል። የሰለጠኑት ሀገሮች ብዙዎቹ የባክቴሪያውን ቁራጭ ብቻ ወደያዘው ክትባት ዞረዋል፣ እሱ ትኩሳቱ ትንሽ ነው፣ ግን መከላከሉም ቶሎ እየደከመ እንደሚሄድ ታይቷል። ስለዚህ "የኛው ርካሽ ስለሆነ ነው ልጆቻችንን የሚያሳምመው" የሚባለው ልክ አይደለም፣ የኛው ጠንከር ያለ ነው።

የፔንታ ትኩሳት የሚጀምረው በተከተበበት ቀን ነው፣ ጠዋት ከተወጋ ከሰዓት ወይ ማታ ወይ ሌሊት ላይ፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ። ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ይወርዳል። ማክሰኞ ጠዋት ከተከተበ ሐሙስ ጠዋት ላይ መሄድ አለበት ማለት ነው። ሐሙስ ማታም ካለ፣ ወይም ማክሰኞና ረቡዕ ደህና ውሎ አርብ ላይ ከጀመረ፣ ክትባቱን ተዉትና ሌላ ምክንያት ፈልጉ፣ ማለት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ኩፍኝ ግን ተቃራኒ ነው፣ እዚህ ጋ ብዙ እናቶች ይደናገራሉ። የኩፍኝ ክትባት በጣም የተዳከመ ግን ህይወት ያለው ቫይረስ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ትንሽ ተባዝቶ ነው መከላከያውን የሚያስነሳው፣ ለመባዛት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የተከተበ ዕለት ማታ ምንም የለም፣ እናት "ጎሽ ይሄኛው ምንም አላደረገውም" ትላለች፣ ከዛ ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በድንገት ያተኩሰዋል፣ አንዳንዱ ላይ ቀላል ሽፍታም ይወጣል። ከ100 ልጅ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ላይ ይከሰታል፣ አንድ ሁለት ቀን ነው የሚቆየው፣ ሽፍታውም ወደ ሌላ ልጅ አይተላለፍም። በዛን ሰዓት ክትባቱን የሚያስታውሰው ሰው የለም፣ "ምች ነው"፣ "አይን ነው" ምናምን ይባላል። ካርዱ ላይ ቀኑን አይታችሁ ብትቆጥሩ ይገኛል። ቢሲጂ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም፣ ክንዱ ላይ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ እባጭ ወጥቶ ይቆስልና ጠባሳ ይተዋል፣ አትጭመቁት፣ አትቀቡት፣ ራሱ ይድናል።

አለካክ ላይ ትንሽ ልበል። በእጅ ግንባር መንካት ያታልላል፣ በተለይ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ልብስ ሲያጥብ የቆየ እጅ ሁሉንም ነገር ትኩስ ያደርገዋል። ዲጂታል ቴርሞሜትር አንዱን ግዙ፣ ቤት ውስጥ ህጻን ካለ ከብዙ መጫወቻ ይሻላል። ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጫፉ ቆዳውን እንዲነካ አድርጋችሁ ክንዱን ዝጉ፣ ጢጥ እስኪል ጠብቁ። ልጁ ተጠቅልሎ ከቆየ መጀመሪያ ገልጣችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩና ነው የምትለኩት፣ አለበለዚያ የምትለኩት የጋቢውን ሙቀት ነው። በብብት ከተለካ 37.5 እና ከዛ በላይ ትኩሳት ይባላል። ቁጥሩንና ሰዓቱን ጻፉት፣ ስልክ ላይም ቢሆን።

ከዛስ ምን ላድርግ ነው ጥያቄው። መጀመሪያ ልብሱን ቀለል ማድረግ። ደሴ እስከ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል፣ ስለዚህ ራቁቱን አድርጉት አልልም፣ እናንተ በለበሳችሁት ልክ፣ ቢበዛ አንድ ልብስ ጨምራችሁ፣ ኮፍያና ጓንት አውልቃችሁ፣ ቤቱ አየር እንዲኖረው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ ቆርቆሮ ጣራ ስር እኩለ ቀን ላይ ያለ ልጅ ሲያተኩሰው አንድ ስስ ካናቴራና ዳይፐር በቂው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የተዳሩ ልጆች የእናታቸውን ቤት አጠቃለል ይዘው ይሄዳሉ፣ እዛ አይሰራም።

ሁለተኛው ጡት ነው። ልጅ ሲያተኩሰው በላብም በትንፋሽም ፈሳሽ ያጣል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አጥቡት፣ ትንሽ ትንሽም ቢሆን። ሲታመም ለአጭር ጊዜ እየጠባ ያቋርጣል፣ ደጋግማችሁ ስጡት። ከ6 ወር በታች ያለ ልጅ ውሃ አያስፈልገውም፣ የአብሽ ውሃ አያስፈልገውም፣ ጤና አዳም አያስፈልገውም፣ ቅቤ ማዋጥም ይቅር። ዳማከሴ ጨምቀው አፍንጫው ውስጥ የሚያደርጉ አይቻለሁ፣ ለምች ነው ብለው፣ የህጻን አፍንጫ እንደኛ አይደለም ፈሳሹ ወደ ሳምባው ሊገባ ይችላል፣ እባካችሁ። አልኮል ወይ አረቄ ሰውነቱ ላይ መቀባትም በጣም አደገኛ ነው፣ የህጻን ቆዳ ስስ ስለሆነ አልኮሉ ወደ ደሙ ይገባል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከርም ልጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ መንቀጥቀጥ ደግሞ ራሱ ሙቀት ያመርታል፣ ስለዚህ ተመልሶ ይብሳል። የተወጋው ታፋ ካበጠና ከቀላ በንጹህ ውሃ የራሰ ቀዝቀዝ ያለ ጨርቅ ለትንሽ ደቂቃ አድርጉበት፣ አትሹት፣ በቅቤም አትቀቡት፣ ትንሽ ጠጠር የመሰለ እብጠት ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ካላመመውና እያደገ ካልሄደ ችግር የለውም።

ፓራሲታሞል ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ ምክንያቱም እኔ የማየው ስህተት እዚህ ጋ ነው የሚበዛው። መድሃኒቱ የሚሰጠው ለቁጥሩ ሳይሆን ለልጁ ነው፣ 38.2 ሆኖ የሚጠባና የሚስቅ ልጅ መድሃኒት አያስፈልገውም፣ 38.5 እና ከዛ በላይ ከሆነ ወይ ደግሞ ከዛ ቢያንስም የሚያለቅስ፣ የማይተኛ፣ እግሩን ሲነኩት የሚጮህ ከሆነ ይሰጠዋል። መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው፣ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ። ኪሎው ደግሞ የት አለ? በተከተበ ቀን መዝነውት ካርዱ ላይ ተጽፏል። 5 ኪሎ ከሆነ ከ50 እስከ 75 ሚሊግራም ማለት ነው። አሁን ሽሮፑን አንሱና ጀርባውን አንብቡ፣ ብዙዎቹ 5 ሚሊ ውስጥ 120 ወይ 125 ሚሊግራም ነው ያላቸው፣ ስለዚህ 2 ሚሊ ተኩል ስትሰጡት 60 ሚሊግራም ገደማ አገኘ፣ ልክ ነው። ግን ጠብታ ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ አለ፣ አንዳንዱ 1 ሚሊው ውስጥ ብቻ 100 ሚሊግራም አለው። ጎረቤት "እኔ ለልጄ 2 ሚሊ ተኩል ነው የሰጠሁት" ብላ ከነገረቻችሁና የእናንተ ጠርሙስ ይሄኛው ከሆነ ያንኑ 2 ሚሊ ተኩል ስትሰጡ 250 ሚሊግራም ነው፣ ለ5 ኪሎ ልጅ ከሚገባው ከሶስት እጥፍ በላይ። ደጋግማችሁ ከሰጣችሁት የሚጎዳው ጉበቱ ነው፣ የጉበት ጉዳት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አያስታውቅም፣ ልጁ ደህና መስሎ ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላሸው። እኔ ራሴ አንዴ አንዲት እናት ባዶ ጠርሙስ ይዛ "ይሄው ጨርሼዋለሁ ሌላ ስጠኝ" ስትለኝ ጠርሙሱን ሳየው እጄ ቀዘቀዘ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በሻይ ማንኪያ ስትሰጥ የነበረው ያንን ጠብታ ነው፣ ወዲያው ሆስፒታል ላክናት፣ ልጁ አልሃምዱሊላህ ደህና ሆነ። ከዛ ቀን ጀምሮ ጠርሙሱን ይዘውልኝ ካልመጡ መጠን በስልክ አልናገርም።

በማንኪያ አትለኩ። የአንዱ ቤት የሻይ ማንኪያ ከሌላው ቤት ይለያል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁ፣ ጉንጩ ጥግ በኩል ቀስ እያላችሁ ስጡት፣ ጉሮሮው ላይ አትርጩበት። ድጋሚ የሚሰጠው ቢያንስ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፣ 6 ሰዓት ቢሆን ይሻላል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ሰጥታችሁት ወዲያው ካስመለሰው ደግማችሁ ከማፍሰሳችሁ በፊት ጠይቁ። በመቀመጫ የሚገባው ሰፖዚቶሪም ፓራሲታሞል ነው፣ ከሽሮፑ ጋር አብሮ አይሰጥም፣ የጉንፋን ሽሮፕ የሚባሉትም ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፣ ህጻን ደግሞ ከነጭራሹ የጉንፋን ሽሮፕ አያስፈልገውም። አስፕሪን ለህጻን ፈጽሞ አይሰጥም፣ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ሬይ የሚባል ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አይቡፕሮፌን ለዚህ ዕድሜ ሐኪም ካላዘዘ አይሁን። አሞክሲሲሊን ግዙና ስጡ የሚል ሰው ካለ ደግሞ አትስሙት፣ የክትባት ትኩሳት ባክቴሪያ አይደለም፣ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግለትም።

"ታዲያ ገና ሳያተኩሰው አስቀድሜ ብሰጠውስ?" ይሄን የሚጠይቁኝ ጎበዝ ጎበዝ እናቶች ናቸው፣ ልጁ እንዳይሰቃይ ብለው። በ2009 እ.ኤ.አ. ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ 459 ህጻናት ላይ የተሰራ ጥናት ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር፣ ከክትባቱ ጋር ወዲያው ፓራሲታሞል የተሰጣቸው ልጆች ትኩሳታቸው ቀንሷል፣ ግን ለብዙዎቹ ክትባቶች የሰሩት መከላከያ መጠንም ቀንሶ ተገኘ። ክትባቱ ከሽፏል ማለት አይደለም፣ ግን ሳያስፈልግ የሰውነቱን ስራ ለምን እናቀዘቅዘዋለን ነው። ስለዚህ ሳያተኩሰውና ሳያመው አትስጡ። ብዙ ጊዜ ደግሞ "እንግሊዝ ያለችው እህቴ እዛ አስቀድማችሁ ስጡ ነው የሚሉት አለችኝ" ይሉኛል፣ እውነቷን ነው፣ ግን እዛ ማጅራት ገትር ቢ የሚባል ትኩሳት የሚያበዛ ክትባት በህጻንነታቸው ይሰጣል፣ ምክሩ ለሱ ነው፣ ያ ክትባት በኛ መደበኛ ፕሮግራም ውስጥ የለም። ስለዚህ የእህታችሁ ምክር ለእህታችሁ ልጅ ነው።

አሁን በጣም አስፈላጊው፣ የ6 ሳምንቱ ልጅ። 6 ሳምንት ማለት ገና ሁለት ወር ያልሞላ ነው፣ ከሁለት ወር በታች ያለ ልጅ ደግሞ ለብቻው ነው የሚታየው። እንደዚህ ያለ ልጅ ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ቢገባ ላያለቅስ፣ ላያስል ይችላል፣ የሚያሳየው ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም በተቃራኒው መቀዝቀዝ። ስለዚህ ክትባት ያልተወሰደበት ቀን ከሁለት ወር በታች ያለ ልጅ 37.5 ካሳየ በዛው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ነው፣ ነገ የለም። የተከተበ ዕለት ከሆነስ? ክትባቱ ሊሆን ይችላል፣ ግን እርግጠኛ መሆን የሚችለው ያየው ባለሙያ ነው፣ ሽሮፕ በራሳችሁ አትጀምሩ። እየጠባና ነቅቶ እያያችሁ ትንሽ ሞቅ ካለው ወደ ተከተበበት ጤና ጣቢያ ደውሉ ወይ ሂዱና አሳዩት፣ 38 ከደረሰ ወይ ጡት መጥባት ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። እኔ ለዚህ ዕድሜ ሽሮፕ ሲጠየቅ መጀመሪያ ሂዱ አሳዩ ነው የምለው፣ አንዳንዱ "ገንዘብ አልፈልግም አለ እንዴ" ይለኛል፣ ይበለኝ።

ለሁሉም ዕድሜ ደግሞ ሰዓቱን ሳትቆጥሩ የምትሮጡባቸው ነገሮች አሉ። ጡት እምቢ ካለ ወይ የጠባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ቀስቅሳችሁት ካልነቃ ወይ እንደ ጨርቅ ከላላ፣ ከሶስት ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ለየት ባለ ጩኸት ካለቀሰ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ሽንቱ ከቀነሰ። አተነፋፈሱን ስልካችሁ ላይ ሰዓት ይዛችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩት፣ ሆዱን እያያችሁ፣ ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዛ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ከሆነ 50 እና ከዛ በላይ ከሆነ፣ ወይ ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ከሆነ ሳምባ ምች ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ 39 ከደረሰም ቤት አትቀመጡ። ሮታ ከወሰደ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ በየተራ እየመጣ የሚያስጮኸው የሆድ ህመም፣ ትውከትና ደም ያለው ሰገራ ካያችሁ አንጀቱ ተጣጥፎ ሊሆን ይችላል፣ በጣም ብርቅ ነው ግን አይጠበቅም። ከመርፌው በኋላ ወዲያው የሚመጣ ከባድ አለርጂ ደግሞ ከሚሊዮን መርፌ አንድ አካባቢ ነው፣ ለዛ ነው ጤና ጣቢያ ሩብ ወይ ግማሽ ሰዓት ቆዩ የሚሉት፣ ባጃጁ እየጠበቀ ነው ብላችሁ አትሩጡ።

የሚንቀጠቀጥ ልጅ ካያችሁ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉት ላይ ትኩሳት ራሱ ማንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ከ100 ልጅ ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት አንዴ እንኳ ያጋጥማቸዋል። ሲያዩት ነፍስ ያወጣል፣ ብዙውን ጊዜ ግን በጥቂት ደቂቃ ያቆማል አንጎሉንም አይጎዳውም። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት፣ ውሃ አትርጩበት፣ ሰዓቱን እዩ፣ ሲያቆም ወይ 5 ደቂቃ ካለፈው ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ቢያቆምም መታየት አለበት። 6 ወር ያልሞላው ልጅ ከተንቀጠቀጠ ግን ትኩሳት ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ኮምቦልቻና ከዛ ወዲያ ቃሉ ወረዳ በረሃው አካባቢ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩበት፣ ወባ። ከ2000 ሜትር በታች ወባ አለ ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ስለዚህ ልጁ ተከትቦ ባተኮሰው በሁለተኛው ቀን ካልወረደለት፣ ወይ ወርዶ ተመልሶ ከመጣ፣ ደም ይታይለት። ደሴ ያላችሁም ቤተሰብ ለመጠየቅ ወርዳችሁ አድራችሁ ከመጣችሁ ይመለከታችኋል። "ክትባቱ ነው ይለቀዋል" እየተባለ ሶስት አራት ቀን የተቀመጠ ወባ ህጻን ላይ አይጫወትም።

ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ ደግሞ "ባለፈው አሳመመው፣ ይቅርበት" የሚል አባት ይመጣል፣ አያት ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ስንት ልጅ ቀጠሮው እንዳለፈው እናውቃለን፣ ያኔ አማራጭ አልነበረም፣ አሁን ግን በትኩሳት ምክንያት ማስቀረት በጣም ያሳዝነኛል። አንዱ ፔንታ ብቻውን በቂ መከላከያ አይሰጥም፣ ሶስቱ ናቸው። ማተኮሱ ሁለተኛውን ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም። ፔንታን የሚያስቆመው ሌላ ነገር ነው፣ ባለፈው ከተከተበ በ3 ቀን ውስጥ ልጁ ተንቀጥቅጦ ከነበረ ወይ ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ወይ ከባድ አለርጂ ከገጠመው። ይሄን ለነርሷ መርፌውን ከማንሳቷ በፊት መንገር አለባችሁ፣ እሷ ካልነገራችኋት አታውቅም፣ የትክትኩን ክፍል ትተው ሌላውን የሚቀጥሉበት መንገድ አለ።

እማማ የዛን ቀን ሲሄዱ ሽሮፑን ሰጥቻቸዋለሁ፣ 5 ኪሎ ነው፣ 2 ሚሊ ተኩል በሲሪንጅ፣ ሌሊት ካላስተኛው ብቻ፣ ድጋሚ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ነገ ማታ ድረስ ካልወረደ ወይ ጡት እምቢ ካለ ሆስፒታል። ጋቢውን ለራሳቸው ለበሱት። የክትባት ካርዱ ጀርባ ላይም በእስክርቢቶ ጻፍኩላቸው፣ ለ14 ሳምንቱ ሲሄዱ ነርሷ እንድታየው፦ "10ኛ ሳምንት፣ የተከተበ ዕለት ማታ 3 ሰዓት፣ 38.9፣ ተገልጦ 38.1፣ እየጠባ ነው።"